የፒያሳ መዋጮ "ሌላ ግብር" ነው ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ አምስት ሰው ልኮልኛል። ሁለቱ ደንበኞቼ ናቸው፣ አንዱ አጎቴ ነው። አጎቴ ከሥሩ "አንብበው፣ እውነቱን ነው" ብሎ ጽፎበታል። ሁለቴ አነበብኩት። ጸሐፊው ጥሩ ብዕር አላቸው። ለነጋዴው መቆርቆራቸውም ያስታውቃል። ዋናው ነገር ላይ ግን ተሳስተዋል ብዬ ስለማምን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጽሑፉን ላላየ ሰው ነገሩን ላስረዳ። እዚህ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቡና ላይ ሲወራ የከረመ ሐሳብ አለ። በመሐል ከተማው አንድ ቀጣና ይከለላል። በቀጣናው ያሉ ባለንብረቶች ፊርማ ያሰባስባሉ፣ ምክር ቤት ያጸድቅላቸዋል፣ ከዚያ በንብረታቸው ልክ የተመደበ መዋጮ ይከፍላሉ። ገንዘቡ ከቀጣናው አይወጣም። ለጽዳት፣ ለሌሊት ጥበቃ፣ ለመብራት፣ ለቦይ ጥገና ይውላል። የሚያዝበት ከፋዮቹ የመረጡት ቦርድ ነው። የመዋጮ ቀጣና እንበለው።

ጸሐፊው ይህን ሐሳብ በስድስት ምክንያት ይቃወማሉ። ግብር ላይ ግብር ነው ይላሉ። መሬት የመንግሥት በሆነበት አገር የውጭ አሠራር አይሠራም ይላሉ። እድርና የፈቃድ መዋጮ ይበቃናል፣ ገንዘቡም የሚበላ ገንዘብ ነው ይላሉ። ጫናው መጨረሻ ላይ ተከራዩና የጉልት ሻጯ ላይ ያርፋል ይላሉ። በመጨረሻም ኮሪደር ልማቱ ሥራውን ሠርቶታል፣ ነጋዴውም ገና አላገገመም ብለው ይዘጋሉ።

እኔ ማን ነኝ? ከፒያሳ ቁልቁል ሲወረድ አንዲት ሱቅ አለችኝ። የአባቴ ነበረች። ግማሿን እኔ እሠራባታለሁ፣ ግማሿን ለልብስ ሰፊ አከራይቻለሁ። ስለዚህ መዋጮው ቢመጣ ከፋይ ነኝ። አከራይም ነኝ። ይህን አውቃችሁ አንብቡኝ።

ከእድሩ ልጀምር፤ የጽሑፉ ልብ እዚህ ላይ ነውና። ጸሐፊው "ወሎዬ መረዳዳት የሚያስተምረው ሕግ አያስፈልገውም" ይላሉ። ደስ ይላል። እውነትም ነው። ኅዳር 2014 ከተማው ነጻ ሲወጣ የሱቃችንን መዝጊያ ማን እንዳቆመልን አልረሳሁም። ጎረቤት ነው ያቆመው።

ግን እድር ለምን እንደሚሠራ እንጠይቅ። እድር የሚሠራው ያልከፈለ ሰው ስለሚቀርበት ነው። ወር ሙሉ ሳትከፍል ብትከርም፣ ለቅሶ ቀን ድንኳኑና ወንበሩ አይመጣልህም። ሁሉም ይህን ስለሚያውቅ ይከፍላል። የተጠረገ መንገድ ግን እንዲህ አይደለም። ላልከፈለው ሱቅ ፊት ቆሻሻ አምጥተህ አትደፋም። የመንገድ መብራቱ ያልከፈለውን ሰው በር ዘሎ አያበራም። ዘበኛው ሌባ ሲያይ "ይሄ ቤት መዋጮ አልከፈለም" ብሎ ዞር አይልም።

እኛ ረድፍ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ክረምት ላይ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ጭቃና ጠጠር ይዞ ይመጣል። በእኛ በኩል ያለው ቦይ ክዳኑ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። አንዱን ስብራት አንድ ባለሱቅ በጣውላ ሸፍኖታል፣ ሌላው ላይ ድንጋይ ተቀምጦበታል። ዝናቡ ሲበረታ ቦዩ ይሞላና ውሃው በደረጃው ላይ ይወጣል። እያንዳንዳችን መጥረጊያ ይዘን ጭቃውን ወደታች እንገፋለን። ወደታች ማለት ወደ ጎረቤት ነው። እሱም ወደሚቀጥለው ይገፋል። እኛ በር ላይ ሎሚና ቃሪያ የምትሸጥ እናት አለች። ሰማዩ ሲጠቁር ማዳበሪያዋን ጠቅልላ ደረጃችን ላይ ትወጣለች። ውሃው እስኪጎድል ቃሪያዋን ጭኗ ላይ ታቅፋ ትቀመጣለች።

አንድ ዓመት ተሰባሰብንና ገንዘብ አዋጥተን ቦዩን እናስጠርግ፣ ክዳኑንም እናሠራ አልን። አሥራ አራት ሱቅ ነን። ዘጠኙ ወዲያው ከፈሉ። ሦስቱ "ነገ" አሉ። ሁለቱ "እኔ በር ላይ ውሃ አይገባም" አሉ። በተሰበሰበው ገንዘብ ቦዩን አስጠረግን፣ ለክዳኑ ግን አልበቃም። በሚቀጥለው ዓመት ከዘጠኙ የከፈሉት አራት ናቸው። በሦስተኛው ዓመት የጠየቀም የለም። እነዚያ ሰዎች ክፉ ሆነው አይደለም። ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ ከማንም ቀድመው የሚደርሱ ናቸው። ግን ጎረቤትህ ሳይከፍል እኩል ሲጠቀም እያየህ ስንት ዓመት ትከፍላለህ?

ይህ የእኛ ጉድለት ብቻ አይደለም። በዓለም የመጀመሪያው የሚባለው ቀጣና የተወለደው ከዚሁ ችግር ነው። ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ ብሉር ዌስት ቪሌጅ የሚባል የሱቅ ሰፈር አለ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የምድር ውስጥ ባቡር ሲመጣ መንገደኛው ከላይ መሄዱን ተወ፣ ትልልቅ የገበያ ማዕከላትም ገበያተኛውን ወሰዱባቸው። ባለሱቆቹ በፈቃድ ለማዋጣት ሞከሩ። ሁሉም አልከፈለም። ስለዚህ "ሁላችንም የምንከፍልበት ሕግ ይውጣልን" ብለው የጠየቁት ነጋዴዎቹ ራሳቸው ናቸው። ሕጉ ወጣላቸውና በ1970 (እ.ኤ.አ.) ቀጣናው ተመሠረተ።

አሁን ወደ ግብሩ። ጸሐፊው የትርፍ ግብር፣ የቤትና የቦታ ግብር፣ የአገልግሎት ክፍያ ይዘረዝራሉ። በ2017 የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅም እንዳለ ያስታውሳሉ። "ከአንድ በሬ ስንት ቆዳ ይገፈፋል?" ይላሉ። ከኪስ ሲወጣ ሁሉም ብር ነው፣ በዚህ እስማማለሁ። ለከፋዩ ሕመሙ አንድ ነው።

ግን ግብርና ይህ መዋጮ አንድ አይደሉም። ግብር ወደ አንድ ቋት ይገባል። ከዚያ ለሌሎቹ የደሴ ሰፈሮች፣ ለቧንቧ ውሃም፣ ለሰኞ ገበያም፣ ለሆጤም ይካፈላል። መካፈሉም ትክክል ነው። መዋጮው ግን የተሰበሰበበት መንገድ ላይ ብቻ ይውላል። ግብር ከላይ ይታወጃል። መዋጮው ከፋዩ ካልጠየቀ አይጀመርም። ግብር አያልቅም፣ መዋጮው ግን የሚያልቅበት ቀን አለው።

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ በ1994 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን ሕግ ለምሳሌ እንይ። ከተማው ነገሩን ለመጀመር እንኳ፣ ከመዋጮው ከግማሽ በላዩን የሚከፍሉት ባለንብረቶች መፈረም አለባቸው። አንድ ባለጸጋ ብቻውን እንዳይወስነው ደግሞ፣ የአንድ ባለቤት ድርሻ ከ40 በመቶ ካለፈ ትርፉ ለፊርማው አይቆጠርለትም። ከዚያ የድምፅ መስጫ ወረቀት ለእያንዳንዱ ባለንብረት ይላካል። ጉዳዩ ከሚወሰንበት የምክር ቤት ስብሰባ በፊት ቢያንስ 45 ቀን ይሰጠዋል። ተቃዋሚው ድምፅ ከበለጠ ምክር ቤቱ ቢፈልግም አይችልም። ቢጸድቅ የመጀመሪያው ዘመን ከ5 ዓመት አያልፍም። በየዓመቱም ከፋዮቹ "ይፍረስልን" ብለው የሚጠይቁበት 30 ቀን አለ። እስኪ የትኛው ግብር ነው በየዓመቱ "ይቅርብኝ" ማለት የሚቻለው?

ጸሐፊው እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ነገር አንስተዋል። "እኛ ስንጠርግ ማዘጋጃው መጥረጊያውን ይሰቅላል" ይላሉ። ይህ ስጋት የእኔም ነው። እንግሊዝ ውስጥ ለዚህ መላ አለ። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ማዘጋጃው በዚያ ሰፈር የሚሰጠው አገልግሎት በጽሑፍ ይቀመጣል። መዋጮው የሚጨመረው በዚያ ላይ ነው። የእኛም እንዲህ ካልሆነ እኔም አልፈርምም። በሳምንት ስንት ቀን ቆሻሻ ይነሳል፣ ስንት አምፖል ይበራል፣ ቦዩ መቼ ይጠረጋል፣ ሁሉም በወረቀት ይስፈር።

ቀጥሎ የማነሳው ነጥባቸው የመሬቱ ነገር ነው። ብዙ ሰው ያሳመነውም እሱ ይመስለኛል። ሐምሌ 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወርሷል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። "ታዲያ የንብረት ባለቤት በሌለበት የባለንብረቶች ቀጣና ከየት ይመጣል?" ይላሉ።

ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱ ግን ከመሬት ባለቤትነት ጋር አይገናኝም። መዋጮው አፈሩ ላይ አይጣልም። ሕንፃው ላይ፣ የይዞታ መብቱ ላይ፣ ወይም ሱቁ መንገድ ላይ በሚወጣው የፊት ርዝመት ላይ ይሰላል። በሌላ አገርም የፊት ርዝመት አንዱ መለኪያ ነው። ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም። አዋጅ ቁጥር 80/1968 ለቦታው ኪራይ፣ ለቤቱ ግብር ብሎ ለይቶ አስከፍሎናል። መሬቱ የመንግሥት ሆኖም ሱቃችንን ለክተው ሲያስከፍሉን ኖረዋል።

ከዚህ ነጥብ ግን ጸሐፊው ያላዩት አንድ ትልቅ ነገር ይወጣል። አባቴ ለሥራ አንድ ቤት እንዲይዝ ስለተፈቀደለት ሱቋ ቀረችልን። ከጎናችን ያሉት ብዙዎቹ ግን ቀበሌ ቤት ናቸው። የእነሱ አከራይ መንግሥት ነው። እንግዲያው በዚህ መንገድ ላይ መንግሥትም ባለንብረት ነው፣ ስለዚህ ይክፈል። ይህ ድፍረት አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ በሰፈሩ ሥራ የሚጠቀም ከሆነ የመንግሥት ይዞታም ከመዋጮው ነጻ አይደለም። ሕገ መንግሥታቸው ላይ የተጻፈ ነው። እኔን እዚህ ሐሳብ ላይ ያቆመኝ ዋናው ነገር ይኸው ነው። እስከ ዛሬ መንግሥት እኛን ሲያስከፍል አውቃለሁ። ከእኛ እኩል፣ በሜትር ተለክቶ፣ እኛ በመረጥነው ቦርድ ፊት ከፋይ ሲሆን ግን አይቼ አላውቅም። ባይከፍል ቀጣናው ወንፊት ይሆናል፤ አንዱ ሱቅ ይከፍላል፣ ሁለቱ ይዘለላሉ።

አንድ ነገር ግን ጸሐፊው ትክክል ናቸው። የከተማው ምክር ቤት ነገ ተሰብስቦ ይህን ማወጅ አይችልም። ግብር የመጣል ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ የፌዴራልና የክልል ነው። እንዲህ ያለ አስገዳጅ ክፍያ የክልሉ ሕግ ይፈልጋል። ቡና ላይ "ከንቲባው ቢፈርም ያልቃል" የሚሉ ወዳጆቼ እዚህ ላይ ቢታረሙ ጥሩ ነው። ቶሮንቶም መጀመሪያ የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ሕግ አስፈልጓታል።

ገንዘቡ ይበላል ለሚለው ብዙ አልከራከርም። ይበላ የነበረ ገንዘብ አይቻለሁ። ከዓመታት በፊት ለመንገድ መብራት ተብሎ አዋጥተን ደረሰኙን ይዘን ቀርተናል። ደረሰኙ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ቀለሙ ለቆ ቁጥሩ አይነበብም። ጸሐፊው "ላም አለኝ በሰማይ" ያሉት እንዲህ ያለውን ከሆነ አልፈርድባቸውም። ግን ያ ገንዘብ የጠፋው ስላዋጣን አይደለም። ከሰጠን በኋላ የምንጠይቅበት በር ስላልነበረ ነው። ማን እንደያዘው አናውቅም፣ ሒሳቡን ያየ የለም፣ የሚያበቃበት ቀን አልነበረውም። የመዋጮ ቀጣና ማለት እነዚህን ሦስቱን በሕግ ማስገባት ነው። በተለየ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ፣ በየዓመቱ በውጭ ኦዲተር ይመርመር፣ ውጤቱ በየሱቁ በወረቀት ይታደል። ካልጣመን በአምስት ዓመቱ አናድሰውም።

ብዛቱስ? ጸሐፊው "ነጋዴውን የሚያደኸይ" ብለዋል፣ ቁጥር ግን አላስቀመጡም። እኔ ለስሌት ያህል ላስቀምጥ። አንድ መንገድ ላይ 120 ሱቅ አለ እንበል። አማካይ የፊት ርዝመታቸው 6 ሜትር ቢሆን 720 ሜትር ይሆናል። በሜትር በወር 50 ብር ቢመደብ 36,000 ብር ይሰበሰባል። አምስት ጠራጊ በ4,000 ብር 20,000 ነው። ሁለት የሌሊት ጥበቃ በ5,000 ብር 10,000 ነው። 6,000 ብር ለአምፖልና ለቦይ ክዳን ይተርፋል። ባለ 6 ሜትሩ ሱቅ የሚከፍለው በወር 300 ብር፣ በቀን 10 ብር ነው። ክፍያው ቢጨመር ወይም ቢቀነስ ከፋዩ የሚወስነው ነው። ግን ወሬው ከቁጥር ይጀምር።

አምስተኛውን ነጥብ ሳነብ ቆም ብዬ አሰብኩ። "አከራዩ መዋጮውን ተከራዩ ላይ ይጭናል፣ ቦርዱ ደግሞ ጉልቷን ያስነሳል።" አከራይ ስለሆንኩ መልሴ በጥርጣሬ ቢታይ አይገርመኝም። እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ ይጭናል። በግል ቤት ኪራይን የሚወስነው ገበያው ነው። ቦታው ሲያምር ደግሞ ኪራዩ ይወጣል። ይህን መካድ አልችልም። የእኔ ልብስ ሰፊም ይህን ጠይቆኛል። ውሉ እስኪያልቅ መዋጮው በእኔ ነው ብዬዋለሁ። ሁሉም አከራይ እንዲህ እንዲያደርግ ግን በመልካም ፈቃድ መተማመን አይቻልም።

ስለዚህ ተከራዩ ድምፅ ይኑረው። እንግሊዝ ውስጥ ድምፅ የሚሰጠው በዋናነት በቤቱ የሚሠራው ነጋዴ ነው፣ ባለሕንፃው አይደለም። ለማለፍም ሁለት ቁልፍ ያስፈልጋል። በቁጥር የሚበዙት መደገፍ አለባቸው፣ በንብረት ግምትም የሚበልጠው መደገፍ አለበት። ትልቁ ብቻውን አያስወስንም፣ ትንሹ በብዛቱ ብቻ አያሸንፍም። ለደሴ የሚሻለው ይኸኛው ይመስለኛል፤ የቀበሌ ቤት ነጋዴ ሕንፃው የሱ ባይሆንም ሥራውም ኑሮውም እዚያው ነውና። ወዳጆቼ የካሊፎርኒያውን እንዳለ ገልብጠን እናምጣ ሲሉ የማልስማማውም ለዚህ ነው። እዚያ ድምፁ በገንዘብ ይመዘናል። ለፒያሳ አይሆንም።

ጉልቷን በተመለከተ ጸሐፊው ኬፕታውንን ይጠቅሳሉ። የኬፕታውን መሐል ከተማ ቀጣና በ2000 (እ.ኤ.አ.) ተመሥርቷል። ከተማዋን አጽድቷል የሚሉ ብዙ ናቸው። ጎዳና ተዳዳሪውን ይገፋል ብለው የሚተቹትም ብዙ ናቸው። ትችቱን እቀበላለሁ። ገንዘብ የሚከፍል ሰው ቦርድ ላይ ሲቀመጥ፣ የማይከፍለው ሰው ይረሳል። ስለዚህ በመተዳደሪያው መጀመሪያ ላይ ይጻፍ። የጉልት ቦታ ተለክቶ ይሰጥ፣ ጥላ ይሠራለት፣ የቀጣናው ዘበኛ ሻጭ የማስነሳት ሥልጣን አይኑረው። ይህን የምለው በርኅራኄ ብቻ አይደለም። ቃሪያ ልትገዛ የመጣች እናት ናት እግረ መንገዷን እኔ ሱቅ የምትገባው።

ኮሪደር ልማቱን ላንሳ። ሠርቷል፣ አይቻለሁ። አስፋልቱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ቆሟል፣ ሰው ማታ ማታ ከልጆቹ ጋር ወጥቶ ሲንሸራሸር ደስ ይለኛል። ግን የተሠራ ነገር ጠባቂ ይፈልጋል። ንጣፍ ይነቀላል፣ አምፖል ይቃጠላል፣ የተተከለ ዛፍ በጋ ላይ ውሃ ይፈልጋል። ለግንባታው በጀት ነበረው፣ ለጥገናው ግን ማን አለ? ደግሞስ ከዋናው መንገድ ሃምሳ ሜትር ገባ ሲባል ያለው ቅያስ ያው ድሮ የምናውቀው ነው። የእኛ ቦይ ክዳን ዛሬም ጣውላ ነው።

የቀረው "ጊዜው አይደለም" የሚለው ነው። ይህን የጻፉበት አንቀጽ ልቤን ነክቶታል። ከጥቅምት እስከ ኅዳር 2014 የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ተዘርፎ ባዶ መደርደሪያ ይዞ የቀረ ሰው አለ። እስካሁን ብድሩን ያልጨረሰም አለ። ከዚያ ወዲህም መንገዱ እንደልብ አይደለም፣ ዕቃው እንደልብ አይገባም። ለእንዲህ ያለው ሰው በቀን 10 ብርም ብር ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሁለት ዓመት ትንንሾቹ ሱቆች በግማሽ ቢከፍሉ እስማማለሁ። ቀጣናው ከአንድ መንገድ ቢጀምርም እስማማለሁ።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የክልሉ ሕግ እስኪወጣ፣ ሱቁ ተለክቶ እስኪመዘገብ፣ ፊርማው እስኪያልቅ ሁለት ክረምት ማለፉ አይቀርም። "ጊዜው ሲደርስ እንጀምራለን" ካልን ጊዜው ሲደርስ እጃችን ላይ ምንም የለም። የሚመዘገብ ነገር መመዝገብ ገንዘብ አይጠይቅም።

እኔ ትናንት ከልብስ ሰፊው ጋር ሜትሩን ዘርግተን የሱቃችንን ፊት ለካን። 5 ሜትር ከ20 ነው። በዚያ ስሌት በወር 260 ብር ይደርስብኛል። የአጎቴንም ልለካለት ነው፤ ጽሑፉን እንደላከልኝ ይህንንም እልክለታለሁ።